ማንም አላታለላትም

ጽሑፉ የወጣው ሐሙስ ቀን ነው። ዛምፊራ ዶብሮታ ጋዜጣውን ከትራም ጋራዡ ፊት ለፊት ካለችው ኪዮስክ ገዝታ እዚያው ቆማ አንድ ጊዜ አነበበችው፤ ቤቷ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ደገመችው፤ ከዚያ መነጽሯን ከዓይኗ ላይ መንጭቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜዋ ስድብ ብርቋ አይደለም። ብራይላ ከተማ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ትራም ስትነዳ ሰካራም ሰድቧታል፤ መኪናውን ሐዲድ ላይ አቁሞ ዳቦ ሊገዛ የገባ ሹም ሰድቧታል፤ በር የተዘጋባቸው አሮጊቶች ከነዘር ማንዘሯ ረግመዋታል። ለሁሉም እንደ አመጣጡ መልሳ ቤቷ ትገባና እራቷን በልታ ትተኛለች። ይሄኛው ግን ስድብ አልነበረም። ሰው አዝኖላት ነው የጻፈው። ለሐዘኔታ ምን ብሎ መመለስ እንደሚቻል አታውቅም ነበር።

የጻፈችው ስማራንዳ ቭላይኩ ናት፤ ቡካሬስት በሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልም የምትጽፍ፣ ፊልም ሠሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት እየፈሩ የሚያነቧት ሴት። «ጠጋ በሉ» የተባለውን አዲሱን የፍቅር ኮሜዲ አንስታ መጀመሪያ ወጣቱን ዳይሬክተር እንደ ዶሮ ትበልተዋለች። ቀልዱ የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ዓይነት ነው ትላለች፤ ፍቅሩ ደግሞ ብልግናውን ለመሸፈን የተነሰነሰ ስኳር። ከዚያ ወደ መጨረሻው ላይ እንዲህ ትላለች፦ «ከሁሉም የሚያሳፍረው በአሮጊቷ ላይ የተሠራው ግፍ ነው። ካሜራ አይታ የማታውቅ አንዲት የዋህ ትራም ነጂ፣ ምን እንደሚያደርጓት ሳይገባት ልብሷን አስወልቀው፣ ወንዶች የጻፉትን ስድ ቃል አፏ ውስጥ ከትተው፣ ሕዝብ እንዲስቅባት አደባባይ አወጧት። አዳራሹ ሲስቅ እኔ አልሳቅኩም። እኔ አለቀስኩላት።»

«ለራስሽ አልቅሺ» አለች ዛምፊራ፣ ኩሽናው ውስጥ ማንም ሳይኖር።

ፊልሙ ብራይላ ውስጥ የተቀረጸው በፊተኛው ዓመት የካቲት ነው። ዳይሬክተሩ፣ ሆሪያ የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከቡካሬስት ካሜራውንና ሰዎቹን ጭኖ ገባና ግማሽ ከተማውን አተራመሰው። ታሪኩ የሠርግ ቀሚሷን የትራም በር ይዞ እስከ ወገቧ ስለቀደደባት ሙሽራ ነው። በውስጥ ልብሷ ከተማውን አቋርጣ ስትሮጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ካፖርቱን አውልቆ ያለብሳታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ልብሳቸውን የማያወልቁበት ቦታ፣ የማይገቡበት ጣጣ የለም። ከእናት ጋር ቁጭ ብለው የሚያዩት ፊልም አይደለም። ግን ልጆቹ ይሳሳሉ። ሐኪሙ ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት የቀዘቀዘ እግሯን ብብቱ ውስጥ ያደርግላታል፤ ሲስቅ የቆየው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ዝም ይላል።

ሙሽሪት ትራም ነጂ አክስት አለቻት። ለዚህች አክስት አንዲት የታወቀች ተዋናይት መጣች፤ ዛምፊራ የተቀጠረችው ለእሷ መንዳት ልታስተምራት ነበር። ተዋናይቷ የፍሬኑን እጀታ እንደ ማርማላታ ታማስለው ጀመር። በአራተኛው ቀን የተሻለ ሥራ አግኝታ ሄደች። በዚያኑ ቀን አንድ ባለ ታክሲ ሐዲዱ ላይ ተገትሮ ሲያስቆማቸው ዛምፊራ መስኮቱን ከፍታ ያወረደችበትን ውርጅብኝ ሆሪያ ከኋላዋ ቆሞ ሰማ። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ እስኪሄድ አልጠበቀም።

«ታንቲ ዛምፊራ፣ እርስዎ ይሥሩልኝ» አላት፣ አገሩ ትልቅ ሴትን «አክስቴ» ብሎ በሚያከብርበት ቃል።

«ምኑን?»

«አክስትየዋን። አሁን ያሉትን በሙሉ እያሉ።»

ስክሪፕቱን ወስዳ አነበበችው፤ መሐሉ ላይ አክስትየዋ ከጋራዡ ዘበኛ ጋር ባዶ ትራም ውስጥ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ፈራች ማለት አይቻልም። ሆሪያ ራሱ ነው ስለዚያ ገጽ ሲያወራ ጆሮው ድረስ የሚቀላው። ልብስ አዘጋጇ ጥቁር ባለ ዳንቴል የውስጥ ልብስ ይዛ ስትመጣ ዛምፊራ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችውና መለሰችላት። በየካቲት ብርድ ትራም የምትነዳ ሴት እንዲህ ለብሳ ብትወጣ እስከ ፋሲካ ኩላሊቷ አይተርፍም አለቻት። ከቤቷ የራሷን ወፍራም ቡናማ ስቶኪንግ፣ የፍላኔል የውስጥ ቀሚሷንና አሥራ አንድ መንጠቆ ያለውን ኮርሴቷን አመጣች። ጋራዡ ውስጥ ማሞቂያ ካልገባ ቁልፍ አልፈታም ብላ ከሰዓት በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሁሉንም አስጠበቀች። ማሞቂያው መጣ።

ዘበኛውን የሚሠራው ኮስታኬ ነበር፤ ሰባ ዓመቱን የደፈነ፣ በከተማው ቲያትር ቤት ዕድሜውን ሙሉ አሽከርና መልእክተኛ ሆኖ የተጫወተ ረጅም ቀጭን ሰው። በስክሪፕቱ መሠረት ዘበኛው ትራሙ ላይ ወጥቶ ለቀልድ «ቲኬት» ይላታል። እሷ ደግሞ ዘይት ከነካው ብዙ ዓመት የሆነው ማሽን ነኝ የሚል ነገር ትመልስለታለች። ዛምፊራ እንዲህ የሚያወራ ሰው የለም ብላ ነበር፤ ግን የሚሻል ነገር አላሰበችም። ካሜራው ዞረ። ኮስታኬ ደረጃውን ወጥቶ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ «ቲኬት» አለ።

ዛምፊራ ባሏ የሞተባት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ፋኒካ ይባል ነበር፤ እዚያው ትራም ላይ ቲኬት በመብሻ የሚበሳ ተቆጣጣሪ። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ትከሻዋን በጣቱ መታ መታ ያደርግና ተሳፋሪ በሚያስደነግጥበት የመንግሥት ድምፁ «ቲኬት» ይላታል። እሷም «መብሻህ ይሠራል ወይስ ለወግ ነው የያዝከው?» ትለዋለች። አንዳንድ ቀን ይሠራል። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ደክሟቸው ሳቁ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ ኮስታኬ «ቲኬት» ሲላት ዘይቱም ማሽኑም ከጭንቅላቷ ጠፋ። የሠላሳ አንድ ዓመቱ መልስ ከአፏ ወጣ። ኮስታኬ ቀጥሎ የሚለውን ረስቶ እጁ ኮርሴቷ መንጠቆ ላይ እንዳለ በሳቅ ተጎነበሰ፤ እሷም ሳቀች፤ ፋኒካ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ካሜራውን የያዘው ሰው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ምስሉም ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ አሁንም ፊልሙ ላይ ይታያል።

ሆሪያ ይህን ልተወው ወይስ እንድገመው ብሎ ጠየቃት። አስቤበት ነገ እነግርሃለሁ አለችው። በነጋታው «ይቆይ» አለችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃት።

ፊልሙ ብራይላ ሲታይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ያ ቦታ ላይ ሲደርስ ኋላ ወንበር ላይ የተደረደሩት የጋራዡ ሰዎች እግራቸውን ወለሉ ላይ ደበደቡ። ሲወጡ ሥጋ ሻጩ፣ ሚስቱ ክንዱን ይዛው እያለ፣ መብሻው እንደሚሠራ ለዛምፊራ በክብር አስታወቀ። ሚስቱ ቦርሳዋን ጀርባው ላይ አሳረፈችበት። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደስ የሚል ነበር። በሳምንቱ የመጀመሪያው ሂስ ወጣ፤ አንድ ሰውዬ ሁለት ያረጁ ገላዎች ሲፈላለጉ ማየት ምሳውን እንዳስጠላው ጻፈ። ዛምፊራ አንብባ፣ ይህን ሰው ከንፈሩን የሳመው የለም ማለት ነው ብላ ዓሣዋን ጋዜጣው ላይ ገፈፈች። ያኔም አልተናደደችም።

የስማራንዳ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ። ዓርብ ጠዋት ጎረቤቷ ሳፍታ አንድ ድስት ሳርማሌ፣ በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ፣ በፎጣ ሸፍና መጣች። በሩ ላይ ቆማ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ልክ ሬሳ ያለበት ቤት እንደገባች ሆና፣ አይዞሽ አለቻት። ሳምንት ሙሉ በዚያ ቀልድ ስትስቅ የከረመችው ሳፍታ ናት። አንቺ ምን ታደርጊ፣ አታለው ነው እንጂ፣ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ጻፉልሽ አለች። ዛምፊራ ድስቱን ከነፎጣው መልሳ አስያዘቻት።

«የሞተ የለም እዚህ» አለቻት። «ሰው ሲሞት ታመጪዋለሽ።»

በሩን ዘግታ ቆመች። ጎመኑ ይሸት ነበር። እንደራባት አስታወሰች፤ ይህም ራሱ አናደዳት።

ቅዳሜ ልጇ ኦቲሊያ ከጋላጽ ከተማ ደወለች። ኦቲሊያ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ፊልሙን አላየችም፣ አላይም ብላለች፤ እናቷ ከፈረመች ቀን ጀምሮ ኩርፊያ ላይ ናት። አሁን ግን ድምጿ ለስልሶ ነበር። ጠበቃ የሆነ የምታውቀው ሰው እንዳለ፣ እንዲህ ያለ ነገር በፍርድ ቤት እንደሚያዝ፣ ትልቅ ጋዜጣ ላይ መጻፉ ራሱ ማስረጃ እንደሚሆን ዘረዘረችላት።

«ማንን ነው የምከሰው?» አለች ዛምፊራ።

«እነዚያን ሰዎች ነዋ። እማዬ፣ ያንን አስቀያሚ ነገር አፍሽ ውስጥ የጨመሩብሽን። ጋዜጣው ላይ እኮ ቃል በቃል ጽፋዋለች። አሁን ይዤዋለሁ። ‹ዘበኛው ቲኬት ሲላት አሮጊቷ...›»

ኦቲሊያ እዚያ ላይ አቆመች። ዛምፊራ መስመሩ የተቆረጠ መስሏት ሁለት ጊዜ ሃሎ አለች።

«ይሄ የአባዬ ነው» አለች ኦቲሊያ።

ዛምፊራ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«በግድግዳው ይሰማኝ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ሳላውቅ። አሻንጉሊቶቼን ቲኬት እያልኩ አጫውት ነበር።» ድምጿ መልሶ ጠነከረ። «የአባዬን ነገር ወስደሽ ለማንም ሰጠሽው። ሥጋ ሻጭ እንዲስቅበት።»

«አባትሽ ቢሰማ ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።»

«አባዬ አይሰማም። ሞቷል።» ስልኩ ተዘጋ።

ይህኛው ቃል ልቧን ወጋው። ዛምፊራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሷን መረመረች። ሰጥቼው ይሆን? አለች። ስድስት ዓመት ማንም «ቲኬት» ብሏት አያውቅም። ቃሉ ደረቷ ውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ያ ቀጭን ሽማግሌ ሳያውቅ ሲነካው በራሱ ጊዜ ወጣ። በነጋታው ይቆይ ያለችው ደግሞ ሌላ ቦታ ሰምታው ስለማታውቅ ነው። እሷ ስትሞት ከእሷ ጋር ሊሞት የነበረ ሳቅ ነው። ይህንን ለኦቲሊያ በስልክ ልትነግራት አትችልም። ለስማራንዳ ቭላይኩማ ጭራሽ። አለቀሰች፤ ማልቀሷ ሲታወቃት ያቺ ሴት ትዝ አለቻትና ፊቷን በብርድ ልብሱ ጠረገች።

ማክሰኞ ደግሞ የሆሪያ ቃለ መጠይቅ በሬዲዮ ተላለፈ። ልጁ ይንተባተባል። ወይዘሮ ቭላይኩ የጻፉትን ደጋግሞ እንዳነበበው፣ በዚያ ትዕይንት ላይ በአንዲት ልምድ የሌላት ሴት እምነት አላግባብ ተጠቅሞ ሊሆን እንደሚችል፣ ከልቡ ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ምናልባትም ትዕይንቱን ከፊልሙ ሊያወጣው እንደሚያስብ ተናገረ። ዛምፊራ ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ ስልኩን አነሳች።

«ማንን ነው ይቅርታ የጠየቅኸው?» አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

«ታንቲ ዛምፊራ... እርስዎን ነው።»

«እኔ የት ነበርኩ ታዲያ? ስልክ የለኝም? ለሬዲዮ ነው ይቅርታ የሚባለው?»

ሆሪያ ሁኔታው ከባድ እንደሆነ፣ ፌስቲቫሎች ፊልሙን መጋበዛቸውን እያቆሙ እንደሆነ፣ ስማራንዳ ቭላይኩ የጻፈችው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ አቋረጠችው።

«ስማ ልጄ። ማሞቂያ ካልመጣ ብዬ ስንቶቻችሁን አስጠብቄ ነበር?»

«ሁላችንንም።»

«ዳንቴሉን ማን መለሰው?»

«እርስዎ።»

«ያን ቃል ማን አለው?»

«እርስዎ፣ ታንቲ ዛምፊራ።»

«እና አሁን እኔ የዋህ ሆንኩ፣ አንተ ደግሞ ግፈኛ። ግፈኛ መሆን አማረህ? ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የፈራኸው አይደል?»

ሆሪያ አዎ አለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አንድ የባህል ማዕከል ስለ ፊልሙ ውይይት እንዳዘጋጀ፣ ስማራንዳ እንደምትናገር፣ እሱም እንደሚገኝ ነገራት። ለምን እንደነገራት ራሱም ያወቀ አይመስልም። ዛምፊራ ድንቹን ልጣ ጨረሰች፤ በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ባቡር ቡካሬስት ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው ይሆናል። ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ማንም አላወቃትም። ሳምንቱን ሙሉ የተለቀሰላት ሴት በመካከላቸው አልፋ ስትቀመጥ አንድ ተማሪ ቦርሳዋን እንድታነሳለት ብቻ ጠየቃት። ስማራንዳ ቭላይኩ ከጠበቀችው በዕድሜ ታንሳለች፤ አርባ አምስት ቢሆናት ነው፤ ጥሩ ድምፅ፣ የደከመ ፊት። ስትናገር ሰው ይሰማታል። ዛምፊራም ሰማቻት፤ ከምትለውም ብዙው እውነት እንደሆነ ገባት። ስንት ፊልም ላይ ሴትን መሳቂያ እንዳደረጓት ታውቃለች፤ እሷም አይታለች። ይህ ንዴቷን አላበረደውም፣ አባሰው። ሆሪያ መድረኩ ላይ ከስማራንዳ ጎን ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል።

ጥያቄ ያለው ሲባል ዛምፊራ እጇን አወጣች። መድረክ መሪው በአጭሩ ይሁን አለ። ተነሥታ ኮፍያዋን አወለቀች። መጀመሪያ የገባው ሆሪያ ነው፤ ፊቱ ነጣ። ከዚያ ሹክሹክታው ወንበር ለወንበር ተያያዘ።

«ዛምፊራ ዶብሮታ እባላለሁ» አለች። «ያለቀሱላት እኔ ነኝ።»

ስማራንዳ ወንበሯ ላይ ቀና አለች።

ዛምፊራ ባቡር ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላት። ልብሱን ራሷ መርጣ ከቤቷ እንዳመጣች፣ ስክሪፕቱን ማንበብ እንደምትችልና እንዳነበበችው፣ ትዕይንቱ ይቆይ ያለችው እሷ እንደሆነች ተናገረች። የፈራች እንዳትመስል ብላ ይበልጥ ጮኸች። ከዚያ ኮስታኬ ትዝ አላት።

«ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አብሮኝ ያለው ሰውዬ ሰባ ዓመቱ ነው። ፊልሙ ላይ ከእኔ ይልቅ የተራቆተ እሱ ነው፤ ረጅም ሙታንታውና ያ የእግሩ አጥንት ብቻ ነው የቀረው። ለእሱ አለቀሱለት?»

አዳራሹ ሳቀ። ዛምፊራ ዞራ የሳቁትን አየቻቸው፤ ሳቁ ቆመ።

«አላለቀሱለትም። እሱ ወንድ ስለሆነ አውቆ ነው። እኔ ሴት ስለሆንኩ፣ ትራም ነጂ ስለሆንኩ፣ ከብራይላ ስለመጣሁ ተታልዬ ነው። ምሳዬን አስጠሉኝ ያለው ሰውዬ ቢያንስ እንደ ሰው ነው የጠላኝ።»

ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባውም አላስደሰታት፤ ሐሙስ ዕለት በጽሑፉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ የነበሩት እነዚሁ እንደሆኑ ታውቃለች። ስማራንዳ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቃ ማይክራፎኑን ወሰደች። የጻፈችው ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ ሥልጣን እንደሆነ፣ ማን ካሜራውን ይይዛል፣ ማን ይቆርጣል የሚለው ጥያቄ አሁንም እንዳለ ቀስ ብላ አስረዳች።

«እንግዲያው እኔን ከጽሑፉ ያውጡኝ» አለች ዛምፊራ። «ስለ ሥልጣን ሲጽፉ እኔን ምሳሌ አያድርጉኝ።»

«ያንን ቃል በእርግጥ እርስዎ ነዎት ያሉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ከየት መጣ?»

«ያ እርስዎን አይመለከትም» አለች ዛምፊራና ኮፍያዋን አድርጋ ተቀመጠች።

ሲያልቅ ስማራንዳ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ሲጋራ ይዛለች፤ አልለኮሰችውም። እርስዎን እየተከላከልኩ መስሎኝ ነበር አለች። እንደ ሽንፈት ሳይሆን እንደ ግራ መጋባት ነው ያለችው።

«ጠየቁኝ?» አለች ዛምፊራ። «ስልኬ ማውጫው ላይ አለ። ብራይላ ውስጥ ዶብሮታ የሚባል ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው የሞተ።»

ስማራንዳ ሲጋራውን ወደ ኪሷ መለሰች። ደብዳቤ ይጻፉ፣ አንዲት ቃል ሳይቀነስ እንዲወጣ አደርጋለሁ አለቻት። ዛምፊራ አላመሰገነቻትም። ሆሪያ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሻንጣዋን ሊይዝላት ተከትሏት መጣ፤ ሻንጣ አልነበራትም። ትዕይንቱን እንደማያወጣው ነገራት። «በሬዲዮ ተናገረው» አለችው። ተናገረም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አሁንም እየተንተባተበ።

ደብዳቤው ወጣ። አምስት መስመር ነው። ከሥሩ ግን ስማራንዳ የራሷን መልስ አስከትላለች፤ «የዋህ» ስላለቻት በሁለት መስመር ይቅርታ ትጠይቅና በቀረው ሁለት ዓምድ ስለ ፊልሙ ያላት ሐሳብ ለምን እንዳልተለወጠ ታብራራለች። ዛምፊራ እንደገና ተናደደች። በማግስቱ ሌላ ደብዳቤ ጀመረች፤ መሐሉ ላይ ሴትየዋ ቢያንስ ስሟን አሳምራ እንደጻፈች፣ ይቅርታ የሚለውንም ቃል እንዳልዋጠች አየችና ተወችው። ሳፍታ ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል አልዘጋቻትም አልቀረበቻትምም። በሥጋ ሻጩ ቤት ወረፋ ላይ ሲገናኙ ግን ያ ሳርማሌ ለማን ተረፈ ብላ ዛምፊራ ጠየቀቻት፤ ባሌ በላው አለች ሳፍታ።

የከበዳት ኦቲሊያ ናት። በጋው ሙሉ አልደወለችም። ዛምፊራ ሁለት ጊዜ ደውላ የልጅ ልጆቿን ድምፅ ሰምታ፣ እናታችሁ የለችም ሲሏት ከኋላቸው የኦቲሊያን ሳል እየሰማች ዘጋች።

መስከረም ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን እሑድ ከምሳ በኋላ እንደሚያሳይ አስታወቀ። የዚያን ቀን ኦቲሊያ ሳትጠራ መጣች። ካፖርቷን ሰቀለች፤ የፕለም ኬክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ሶፋው ላይ ከእናቷ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ተቀመጠች። «ጋዜጣ አንብቤ ነበር የተቆጣሁት» አለች፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች። «ልየው ብዬ ነው።» ዛምፊራ እሺ ብቻ አለች። ሌላ ነገር ብትጨምር የምታበላሸው መሰላት።

ኦቲሊያ ሙሽራዋ ስትሮጥ ሳትወድ ሳቀች። ሐኪሙ የልጅቷን እግር ብብቱ ውስጥ ሲያደርግ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ጋራዡ መጣ። ዛምፊራ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ጠበቀች። አክስትየዋ ትራሙ ላይ ስትወጣ ታየች። ዘበኛው ደረጃውን ረገጠ። ከዚያ ወዲያው፣ ምንም ሳይባል፣ አክስትየዋ ካፖርቷን እየቆለፈች ከትራሙ ስትወርድ፣ ዘበኛው ሱሪውን ሲያስተካክል ሆነ። ቆርጠውታል። ቃሉ የለም። የኮስታኬ ሳቅ የለም። መንጠቆዎቹ፣ ብርዱ፣ የሁለቱ ሰዎች መተፋፈር፣ ምንም የለም። የቀረው አንዲት ሴት ገብታ መውጣቷ ብቻ ነው።

ዛምፊራ ተነሣች። ቁጥሩን ከማስታወቂያው ላይ ጽፋ ስልኩን አነሳች፤ የጣቢያው ቅሬታ ተቀባይ ልጅ እግር ሴት ናት፤ በትሕትና፣ ሕፃናት በሚያዩበት ሰዓት ጸያፍ ቃል እንደማይተላለፍ፣ ለተመልካች ክብር ሲባል እንደተቀነሰ አስረዳቻት። ዛምፊራ አሁን የቀረው ነው ጸያፉ ልትላት ፈለገች። ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ሃሎ፣ ሃሎ ይላል ስልኩ።

ኦቲሊያ ተነሥታ ከእጇ ላይ ወሰደችው።

«ስሚኝ» አለች፤ ሠላሳ ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚያስቀምጥ ድምፅ ነበር። «ያቺ ሴት እናቴ ናት። የቆረጣችሁት የወላጆቼን ነገር ነው። እኔ በዚያ ቤት ሕፃን ነበርኩ፣ በግድግዳው ስሰማው ነው ያደግሁት፣ ምንም አልሆንኩም። አሁን ያሳያችሁት ነው የሚያሳፍረው። ምን ተፋፍረው፣ ምን ተሳስቀው እንደነበር አውጥታችሁ ጥላችሁ ሱሪ ብቻ አስቀራችሁ።»

በወዲያ በኩል ያለችው ልጅ ቅሬታው ይመዘገባል አለች።

«አሁን መዝግቢ። እጠብቃለሁ» አለች ኦቲሊያ። ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መካከል ይዛ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። «ዶብሮታ። ዶ፣ ብ፣ ሮ፣ ታ። አይደለም፣ ቅሬታ ያለን አንድ ሰው አይደለንም። ሁለት ብለሽ ጻፊ።»